የቆረጠ እጅ አይፈርድም

ፕሮፌሰር አይሊፍ ወገባቸውን በቀዶ ሕክምና እንድከፍት እኔን ሲመርጡ ኩራትስ ይቅር፣ ፈራሁ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይባስ ብለው "ከወገቤ በታች ብቻ አደንዝዙኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ" አሉ። የአስተማሪ ጆሮ ከጨርቅ ስር እያለ መቁረጥ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ነርቫቸው በጠበበ አጥንት ታንቆ ሃምሳ እርምጃ አይሄዱም ነበር። የሚሻላቸው የጎረቤታቸውን የቦርግሂልን ተሽከርካሪ ወንበር ጎንበስ ብለው ሲገፉ ብቻ ነው። በየቀኑ በበርገን ወደብ ዳር ይገፏታል። እግራቸው ጨርሶ ከከዳቸው ሁለቱም ቤት መቅረታቸው ነው።

አጥንቱን ሞረድኩ፣ የወፈረውን ጅማት አነሳሁ። ተጨፍልቆ የነበረው የነርቭ ከረጢት ሞላ ብሎ መምታት ጀመረ። የመፈተሻ መንጠቆዬን በነርቮቹ መውጫ ሰደድኩት፤ ሳይያዝ አለፈ።

"ነርቩ ተላቅቋል፣ ፕሮፌሰር። ልዘጋ ነው።"

"በማን እጅ ፈተሽሽው?"

"በራሴ።"

"የቆረጠ እጅ አይፈርድም። ለጉድሙንድ ስጪው።"

ይህች የታወቀች ሕጋቸው ናት፤ ክፍሉ ሁሉ ይተዳደርባታል። ግን አብሮኝ የቆመው ጉድሙንድ በጸደይ የክፍል ኃላፊነቱን ከአፌ የነጠቀኝ ሰውዬ ነው፤ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። መንጠቆውን ፊቴን አዙሬ ሰጠሁት።

"በግራ፣ ታች ላይ ይይዛል" አለ።

"አይይዝም። አሁን አሳልፌዋለሁ።"

"እስቲ ጫፉን ወደ ውጭ አዙሪና ሞክሪው።"

ሞከርኩ። ስንዴ የምታህል የአጥንት ጫፍ ነርቩን ተጭናለች። ደሜ ፈላ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም። ሞረድኳት። ጉድሙንድ ፈትሾ "አለፈ" ሲል ነው የዘጋሁት።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩን ቀጥ ብለው ሄዱት። ተከትያቸው ሄድኩ፤ ነገሩ እየከነከነኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ያን ባይሉኝ ኖሮ እንደያዘ ዘግቼብዎት ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። እኔም ዘግቼ አውቃለሁ።"

"በማን ላይ?"

መስኮቱ ጋ ቆሙ። ታች በሩ ላይ ቦርግሂል ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቃቸዋለች።

"የእሷን ወገብ ስከፍት ሕጉ አልነበረም" አሉ።

ወንበሯን አየሁ። "ታውቃለች?"

"ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት እኮ።"