ሚስ ኔሊ ያለቀሰችበት ፊልም

እና ደግሞ ሪሞቱን ከእጇ አትለቅም፣ ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ በረዶ፣ ያቺኑ ነጭ ሻርፕ ያሰረች ልጅ፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ ታስኬደዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ እኔ ነኝ ትለኛለች በጣቷ እየጠቆመች፣ አውቃለሁ፣ ባለፈው ቅዳሜም አንቺ ነበርሽ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏት አሁንም የሃያ ዓመት ፊቷን ስታይ እንደተራበ ሰው አፏ ይከፈታል። እጠላታለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጠላት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም ሳያውቅብኝ።

እናቴ ኪችን ናት። ቀይ ስር ትከትፋለች፣ ሚስ ኔሊ ለምትወደው ሾርባ፣ ቢላዋው ጣውላው ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል፣ ጠቅ ጠቅ እስካለ ድረስ እናቴ ደህና ናት፣ አላወቀችም። ወንድሟ ሞቷል። ጋሼ ነጋ። ኮምቦልቻ፣ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ፣ የጭነት መኪና ስር ገብቶ ጎማ ሲፈታ ክሪኩ ተንሸራተተ። ተቀብሯል። ድንኳን ተጥሏል፣ ዘመድ ለቅሶ ተቀምጧል፣ እኛ የምንኖርበት ታከር ያለው አበሻ ሁሉ ሰምቷል፣ በገዛ እጇ ያሳደገችው እሷ ብቻ አልሰማችም፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ በምትንከባከባት አሮጊት ቤት ቆማ የሰው አገር ሾርባ ትሠራለች።

መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሻወር ገብታ ስልኳ ጮኸ፣ የአክስቴ ልጅ በረከት ነው፣ ፅጌ፣ እትዬ መዓዛ አጠገብሽ ናቸው? አይደለችም አልኩት፣ እንግዲያው እንዳትነግሪያቸው፣ ለትልቅ ሰው ስጪልኝ፣ አለ፣ ድምፁ የሱ አይመስልም። ወደ ላይ ሮጥኩ። እኛ ቤዝመንቱን ነው የተከራየነው፣ ባለቤቶቹ ጋሽ ዳኛቸውና እትዬ አሰፋሽ ላይ ናቸው፣ ጋሽ ዳኛቸው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ መደዋወል ሆነ፣ በሥራ ቀን አይሆንም፣ ሰው ፈቃድ አያገኝም፣ እሁድ ማለዳ ትረዳ፣ ተባለ። ሞት እንኳ እዚህ አገር የኦፍ ቀን ይጠብቃል።

እሁድ ማለት ነገ ነው።

እትዬ አሰፋሽ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ደም ብዛት አለባት፣ ምህረት የሆነችውን ረሳሽ? አልረሳሁም። ምህረት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትቆጥር የአባቷን ሞት በስልክ ሰምታ ሲሚንቶው ላይ ተዘረረች፣ አባዬ አባዬ ስትል በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል አባዬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፣ ሱፐርቫይዘሩ ያመማት መስሎት አምቡላንስ ጠራ። ለዚህ ነው ሰው የሚሰበሰበው። የሚይዛት፣ ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚቀበላት። ገብቶኛል። ስምንተኛ ክፍልን በስንት መከራ ነው የጨረስኩት፣ ግን ይሄ ይገባኛል።

ማንም እንዳይደውልላት ስልኳን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩት። ፌስቡኩን አጠፋሁት፣ ፎቶውን ሻማ አድርገውበት ነፍስ ይማር ብለው ለጥፈዋል። ኔትወርኩ ተበላሽቷል እማዬ። እሺ አለች። በስልክ ጉዳይ የምታምነው እኔን ነው።

ፅጌሬዳ! ፊትሽን አንሺ፣ ትላለች ሚስ ኔሊ። ይኸው ደግሞ። ትምህርት ቤት ስሜን ሲግ፣ ጌይ፣ ሬዳ፣ እንደፈለጉ ይሰባብሩታል፣ ይቺ ግን ደህና አድርጋ ትጠራዋለች፣ አፏ ለፅ የተሠራ ይመስል፣ አትላንታ ውስጥ ከሐበሻ ሌላ ስሜን የሚያውቀው እሷ መሆኗ ያንገበግበኛል። ቀዝቃዛ ጣቷን አገጬ ስር አስገብታ ቀና ታደርገኛለች። ፊልም ላይ አንገቱን የሚደፋ ሰው መብራት ይሰርቃል ትላለች። የምን መብራት። እኔ ፊልም ላይ ነኝ? የሷም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፣ የኔም የተሰባበረ ነው፣ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የምንግባባው።

ታሪኳን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሳልፈልግ። ቮልጋ የሚባል ወንዝ ዳር ተወለደች፣ እናቷ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ፎጣ አጣቢ ነበረች፣ አስራ ሰባት ዓመቷ ላይ በረዶ ላይ ስትንሸራተት አንድ ሰውዬ አይቷት ሞስኮ ወሰዳት፣ ፊልም ትምህርት ቤት ገባች። መሳቅ አስተማሯት፣ መውደቅ አስተማሯት፣ ፈረስ ላይ መቀመጥ አስተማሯት። ከዚያ ይሄ ፊልም። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማ ከጦርነት የሚመጣ ሰው ትጠብቃለች፣ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል፣ ታለቅሳለች። አለቀ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ አገር ያበደላት፣ ጋዜጣ መሸጫው ሁሉ ፖስትካርዷን ሲሸጥ ነበር፣ ወታደሮች ፍራሻቸው ስር ይከቱት ነበር፣ ብላ ደረቷን ነፋ ታደርጋለች፣ እናቴ እግሯን እያጠበች ዋው ሚስ ኔሊ ትላታለች፣ ብርጭቆ በማንኪያ እየመታች የምትጠራትን ሴትዮ ዋው ትላታለች።

ከዚያ ዳይሬክተሩን አገባችው። ከዚያ ዳይሬክተሩ ሌላ የሃያ ዓመት ልጅ አገኘ። ከዚያ ሰላሳ ስድስት ሲሞላት የእናት ክፍል ሰጧት፣ ከዚያ የአክስት፣ ከዚያ ፊቷን ጭራሽ ትተው ድምፅዋን ብቻ፣ በልጆች ካርቱን ላይ ቀበሮ ሆነች፣ ቀበሮዋን ትሠራልኛለች አንዳንዴ፣ ደግሞ ታስቃለች፣ አልስቅላትም። ከዚያ አገራቸው ፈረሰ፣ ፊልም የሚሠራበት አዳራሽ የሶፋ መሸጫ ሆነ፣ ልጇ ናዲያ አመጣቻት። ናዲያ እዚሁ አጠገብ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር የጥርስ ሐኪም ናት። እና ያቺ ፖስትካርድ ሩሲያ ሱቅ ውስጥ ቋሊማ እየመዘነች አረጀች። አንድ ጊዜ አንዱ ገዢ አወቃትና ቋሊማውን ትቶ አለቀሰ። ይሄን ስታወራ ብቻ ነው ድምፅዋ የሚቀንሰው።

ዛሬ የማን ሞት ነው?

ምን?

ፊትሽ ላይ፣ ትላለች፣ ሰው ሞቷል። ማን ነው?

ማንም። ኖባዲ። ሲኦል ግቢ፣ ታከር ሙሉ ትልቅ ሰው ያላወቀብኝን ይቺ ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት እንዴት አየችው፣ ዝምታዬን ሰው ሁሉ ለምዶታል፣ ዓይነ አፋር ናት ይሉና ያልፋሉ፣ እሷ አታልፍም፣ ፊት ስትበላ የኖረች። እናትሽ አታውቅም ትላለች። ጥያቄ አይደለም። ወደ ኪችን በር ታያለች፣ ወደኔ ታያለች። ጠቅ ጠቅ። ወንድሟ ነው እላለሁ፣ ወጣ፣ በቃ ወጣ፣ ነገ ሰዎች መጥተው ይነግሯታል፣ ባህላችን ነው፣ አንቺ አይገባሽም።

ሪሞቱን ትጫናለች። ፊልሙ ይቆማል፣ ልጅቷ ላይ፣ አፏ ተከፍቶ ዓይኗ የሆነ ቦታ ጠፍቶ። እስቲ እዪው ትለኛለች፣ ምን ይመስልሻል? ትወና እላለሁ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው ትላለች። ለዚህ ሽልማት ሰጥተውኛል። ያን ጊዜ እናቴ ሞታ ነበር ትለኛለች፣ እኛ ያረፍንበት ሆቴል ተደወለ፣ ስልኩን ያነሳው የዳይሬክተሩ ረዳት ነው፣ ለዳይሬክተሩ ነገረው፣ ዳይሬክተሩ ዝም በሉ አለ። በረዶው ጥሩ አልነበረም፣ ጥሩ በረዶ እየጠበቅን ነበር፣ እና ጠበቁ። እናቴ ተቀበረች፣ እነሱ በረዶ ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነልኝ። ወጥ ቤቷ ሥጋ ጨመረችልኝ። የመብራቱ ሰውዬ ካፖርቱን አለበሰኝ። ታዋቂ ልሆን ስለሆነ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በረዶው ጣለ፣ ካሜራው መቅረጽ ጀመረ፣ ዳይሬክተሩ ጆሮዬ ስር መጥቶ ነገረኝ።

በጥፍሯ ወደ ስክሪኑ ትጠቁማለች። ይሄ ነው።

ዛሬ ጠዋት 285 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ እናቴ እየነዳች፣ ፅጌ፣ ሰው በዚህ ሳምንት ደግ ሆነልኝ እኮ፣ አሰፋሽ ምሳ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ የእድሩ ዮናታን የመኪናዬን ዘይት ቀይሮ እንዳትከፍዪ አለኝ፣ ምን አድርጌላቸው ይሆን? ብላ ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር። እኔ የመስኮቱን መስታወት አየሁ።

እኛ ግን እንደዚያ አይደለንም እላታለሁ፣ በልቤ ነው፣ ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም፣ ጋሽ ዳኛቸው ካሜራ የላቸውም፣ ፊቷን ሊበሉት አይደለም የሚመጡት፣ ሊይዟት ነው፣ አብረዋት ሊያለቅሱ፣ ለሷ ብለው፣ የናንተው ሰውዬ እርኩስ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ከዚያ በኋላ አገባሽው፣ እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ፣ እንዴት ያንን እጅ…

ፅጌ!

ቢላዋው ዝም ብሏል። እናቴ በር ላይ ናት፣ እጇ እስከ አንጓዋ ቀይ፣ ስልኬ ዛሬም አልሠራም አይደል፣ ኧረ ነጉን አንድ ጊዜ ድምፁን ልስማው፣ ሌሊት በህልሜ ጥርሱ ወልቆ አየሁት፣ ልቤ ጥሩ አልነገረኝም፣ ትላለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሚስ ኔሊ፣ ፕሊስ፣ ስልክሽን አንዴ፣ ወንድሜ ጋ፣ ሁለት ደቂቃ። እጇን በፎጣ ታብሳለች። ሚስ ኔሊ እኔን ታያለች። ዓይኔ ለመናት፣ ሳላዘው ለመናት።

ዳሌዬ! ትጮኻለች። ሶፋው ላይ ትጣመማለች፣ ፊቷ ድንገት አመድ ይሆናል፣ በሩሲያኛ የሆነ ነገር ታቃስታለች፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ እውነተኛ እንባ፣ በማርያም እውነተኛ እንባ በአንድ ዓይኗ ብቻ፣ እናቴ ባለችበት በኩል ባለው፣ እናቴ ፎጣውን ወርውራ ትንበረከካለች፣ አይዞሽ የኔ እናት አይዞሽ፣ ትራስ፣ ክኒን፣ ወገቧን ታሻታለች፣ ስልኩ ተረሳ። ዳሌሽ ላይ የሚደረገውን ከረጢት አሙቄ ላምጣልሽ ብላ አንስታው ወደ ኪችን ትሮጣለች።

ሚስ ኔሊ ፊቷን በእጇ ጀርባ ትጠርገዋለች። ምንም አልነበረም። ጎበዝ ነኝ? ትላለች።

ውሸታም ነሽ እላታለሁ።

ሥራዬ ነው ትላለች፣ ያንቺስ? ያንቺ ምንድን ነው? ጎንበስ ትላለች፣ አፏ ክኒን ይሸታል፣ አንድ የፊልም ሲን በነፃ ሠራሁልሽ፣ ሁለተኛ አልሠራም። ደግሞ ስሚኝ፣ ዳይሬክተሩን አገባሁት፣ እሱን ይቅር አልኩት፣ እሱ አውሬ ነበር፣ አውሬ መሆኑን አውቅ ነበር። ይቅር ያላልኳት ወጥ ቤቷን ነው። እወዳት ነበር። ሥጋ ስትጨምርልኝ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፣ እያወቀች።

ዝም በይ። ዝም በይ አንቺ አሮጊት። ነገ ማለዳ በር ይንኳኳል፣ ገና ሳይነጋ፣ ጋሽ ዳኛቸው ጋቢ ለብሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እትዬ አሰፋሽ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቄሱ፣ ዮናታን፣ ምህረት፣ ቤዝመንቱ ይሞላል፣ እናቴ በሌሊት ልብሷ ትቆማለች፣ መዓዛ እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲሉ ትጮኻለች፣ እነሱ ይይዟታል፣ እሺ፣ ከዚያ በሰው መሀል ትፈልገኛለች፣ ልጄ የት አለች፣ ልጄን፣ እኔንም አስቀድሜ ያዘጋጀሁትን የለቅሶ ልብስ ለብሼ ጥግ ቆሜ ታገኘኛለች፣ ስልኩን ታስታውሳለች፣ ኔትወርኩን፣ መስኮቱን፣ ታየኛለች፣ እና ታውቃለች። ከዚያ በኋላ እኔን ስታይ ምን ታያለች? ከዚያ በኋላ ደህና ነኝ እማዬ ስላት ታምነኛለች? ጋሽ ዳኛቸው ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው ነው የሚገቡት፣ እኔ ከሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው።

ግን ደም ብዛቷስ፣ ብትወድቅስ፣ እኔ ሽንብራ የማላክል፣ እናቴ ወፍራም ናት፣ ስትወድቅ እንዴት አድርጌ እይዛታለሁ፣ ምህረት ሲሚንቶ ላይ፣ ምህረት ግን ቋንቋዋን የሚሰማት አልነበረም፣ እናቴ አላት፣ እኔ እሰማታለሁ፣ ነጉ ስትል ነጉ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በባጃጅ መሪው ላይ ያስቀመጠኝ፣ እጁ ግሪስ ግሪስ የሚሸት፣ እኔስ አላለቀስኩለት፣ እስካሁን አንዲት ጠብታ፣ ተከልክዬ።

ጉልበቴ ይነሳል፣ እኔ አላዘዝኩትም።

ሚስ ኔሊ ተደግፋ የምትሄድበትን ዎከሯን ትስባለች። ወዴት? አብሬሽ ልምጣ ትላለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ዓይኗ ግን፣ ዓይኗን አየሁት፣ በርቷል፣ እውነተኛ ፊት ካየች ስንት ዘመኗ፣ ሄዳ ልታይ ነው፣ እሷ ላይ ያደረጉትን በእኔ እናት ፊት ላይ ልታይ።

ኖ።

ጮክ ብዬ ነው። እዚህ ቤት ድምፄ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም። ሲት ዳውን። አንቺ አታዪያትም። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ጥፊ እንደቀመሰች፣ ይገባታል።

የድሮ ሕንፃ ስለሆነ ኪችኑ በር አለው። ገብቼ ከኋላዬ እዘጋዋለሁ። ዎከሩ መጥቶ እንጨቱን ጓ ያደርገዋል፣ ቆማለች፣ ትቁም፣ ድምፅ ትስማ፣ የእናቴን ፊት ግን ማንም አያይም፣ ጋሽ ዳኛቸው ነገ ይቆጡኝ፣ እትዬ አሰፋሽ ይርገሙኝ፣ ከቤታቸው ያስወጡን፣ ማንም። እናቴ ማይክሮዌቩ አጠገብ ናት። ዞር ትላለች። ምነው ፅጌ፣ ማን ጮኸ፣ ሚስ ኔሊ ወደቀች እንዴ፣ ምን ሆነሻል ልጄ፣ ፊትሽ…

እማዬ ከረጢቱን ተዪው፣ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ እዚህ፣ ግድግዳውን ተደገፊ፣ ለምን አትበዪኝ፣ ቁጭ በይ፣ እኔም ቁጭ ልበል፣ እጅሽን ስጪኝ፣ አይ ሁለቱንም፣ እማዬ እዪኝ፣ አየሽኝ