በሳህኑ ቂጥ የተለጠፈ ስም

«ይሄ እኮ የኔ አይደለም» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ሜቪስ፣ የተመለሰላቸውን የመጋገሪያ ሳህን ገልብጠው እያዩ። ቂጡ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር የሌላ ጎረቤት ስም ተጽፏል።

ወይዘሮ ቨርና ቅንጣት አላፈሩም። «ምን ልዩነት አለው? የሁላችሁም ምግብ ያው ሙጫ ነው።»

ባላቸው ሃርላን ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ኑድል የሚሉትን ፓስታ መጋገር የሚቀናቸው የሚኒሶታ ሴቶች ወጥ ቤቱን በሳህን ሞልተውታል። አጥቦ ለየባለቤቱ መመለስ ደግሞ የሐዘንተኛዋ ዕዳ ነው።

«እማዬ፣ እንዲህ ጎልቶ የተጻፈውን አላየሽውም?» አለች ልጃቸው ጆሊን።

«መነጽሬን አላደረግሁማ።»

መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

ጆሊን ከቺካጎ ስትመጣ የአረጋውያን መኖሪያ ማመልከቻ በቦርሳዋ ይዛ ነው። «አባዬን ስታስታምሚ አለቅሽ፤ አሁን ደግሞ ብቻሽን ነሽ» ትላለች። ማን ማንን እንዳስታመመ ምን ታውቃለች? ሞኝ!

ሃርላን የልጃቸውን ስም እንኳን ረስተው ነበር፤ ማንበብ ግን አልረሱም። የቨርና ዓይን ደግሞ ፊደል መለየት ከተወ አራት ዓመቱ። ጠዋት ጠዋት ሃርላን የመድኃኒት ብልቃጥ አንስተው ያነቡ ነበር።

«የደም ግፊት፣ የሃርላን ይላል። ሃርላን ማን ነው?»

«አንተ ነህ፣ ደንባራ። ዋጠው።»

በእሳቸው ጭንቅላትና በባላቸው ዓይን ቤቱ ቆመ። የከተማው ሰው «ጻድቅ ሚስት» ሲላቸው ቨርናም ዝም ብለው ጻድቅ ሆኑ።

ጆሊን ሌላ ሳህን ገለበጠች። «እስቲ ይሄ የማን ነው? አንብቢልኝ።»

ቨርና መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው መጥረግ ጀመሩ።

«አምጪው፣ የኔ ነው» አሉ ሜቪስ ከእጇ ነጥቀው። «ባሏን በቀበረች በሦስተኛ ቀን ትፈትኛታለሽ እንዴ?»

ጆሊን አፍራ ወደ በረንዳ ወጣች።

«ጅል ትመስይኝ ነበር» አሉ ቨርና።

«አርባ ዓመት ሙሉ ነግረሽኛል። ቤተ ክርስቲያን የምቀመጠው ከኋላሽ ነው፤ ሃርላን መዝሙሩን በጆሮሽ ሲያነብልሽ እሰማ ነበር። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላነብልሽ እመጣለሁ።»

«ማን ጠራሽ?» አሉ ቨርና። ከዚያ ግን ከሽርጣቸው ኪስ ሁለት ብልቃጥ አወጡ። የትኛው የማን እንደሆነ ስላልለዩ ሃርላን ከሞቱ ወዲህ አንድም ኪኒን አልዋጡም።

ሜቪስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ይሄኛው ያንቺ ነው። ይሄኛው የሃርላን።»

ቨርና የራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የባላቸውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙና ቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ለሜቪስ ዘረጉት።

«እስቲ የሱን ስም ድገሚልኝ» አሉ።