የተጠባባቂው እጅ

ጸጋይን የጠላሁት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ቦሌ ባለው የቀበሌ አዳራሽ እኔ ዓመታት ለፍቼ የተማርኩትን የጎራዴ ስፖርት እሱ እንደ ቀልድ ያዘው። ጎራዴው ያልተሳለ ነው፤ ተጋጣሚውን ከወገብ በላይ የነካ ነጥብ ያገኛል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጸጋይ ሲጫወት ግን ምሥጢር ያለው ይመስል ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል፤ አሠልጣኛችን ሻለቃ ብርሃኑ ሳይቀሩ።

የክፍላተ ሀገር ጨዋታዎች ሲደርሱ ሻለቃ ለቡድኑ አራት ሰው መረጡ። አራተኛው ቦታ የእኔ ነበር። እጮኛዬን ሣባን እንኳ ‹‹መጥተሽ ታዪኛለሽ›› ብያት ነበር። ሻለቃ ግን ‹‹አራተኛ ጸጋይ፤ እሸቴ፣ አንተ ተጠባባቂ›› አሉ። ይባስ ብሎ ጸጋይ መጥቶ ‹‹ጋሼ እሸቴ፣ ቦታውስ የአንተ ነበር›› አለኝ። በጥቂት ዓመት ብበልጠው ነው ጋሼ የሚለኝ። እንዲህ ዓይነቱ ጨዋነት ነው እኔን የሚያነድደኝ።

ተጠባባቂ ሥራ ፈት አይደለም። ያኔ ንክኪ የሚቆጥር መሣሪያ አልነበረንም። እያንዳንዱን ተጫዋች ሁለት ተጠባባቂዎች፣ አንድ ከእኛ አንድ ከእነሱ፣ ዳር ቆመው ይመለከቱታል፤ ሲነካ ካዩ እጅ ያነሳሉ። ሁለቱም ካነሱ ነጥብ ነው፣ አንዱ ብቻ ካነሳ ነጥብ የለም። ደንቡ ያየኸውን መስክር ይላል። ልማዱ ግን ሌላ ነው፤ ተጠባባቂ የራሱ ቡድን ሰው ሲነካ አያይም። ይህን ማንም ለማንም አይነግረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ለፍጻሜ ከሐረርጌ ቡድን ጋር ተናንቀን ነገሩ ለመጨረሻው ግጥሚያ ቀረ። የእኛ ተጫዋች ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጸጋይ። አራት ለአራት ደረሱ፤ ቀጣዩን ነጥብ ያገኘ ለቡድኑ ወርቁን ይወስዳል። የሰፈራችን ሰው ነቅሎ መጥቷል። ሣባም ከፊት ተቀምጣ ‹‹ጸጋይ፣ ጸጋይ›› እያለች ትጮሃለች። የእኔን ስም እንዲህ አድርጋ ጠርታው አታውቅም። 

የሐረርጌው ልጅ ሰነዘረ፣ ጸጋይ መከተ። ቋ አለ። ሰው ሁሉ ብረት ከብረት የተጋጨ ብቻ መሰለው። እኔ በቆምኩበት በኩል ግን የልጁ ጎራዴ ጫፍ የጸጋይን ጎራዴ መያዣ አልፎ የእጁን አንጓ ሲመታ ፍንትው ብሎ ታየኝ። የሐረርጌው ተጠባባቂ እጁን አነሳ፤ እሱስ ባያይም ያነሳል። ዋናው ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። አነሳሁ። እውነት ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

ዳኛው ነጥቡን ለሐረርጌ ሰጡ፤ ወርቁም ከእጃችን ወጣ። ከቡድናችን እንድሪስ ጥርሱን ነክሶ ‹‹በቅናትህ ሸጥከን›› አለኝ። መልስ ነበረኝ። ‹‹ያየሁትን ነው›› ልል አፌን ስከፍት ጸጋይ ጭምብሉን አወለቀና ‹‹ትክክል ነው፣ ነክቶኛል›› አለ። ጓንቱንም አውልቆ የቀላውን አንጓውን ለሁሉም አሳየ።

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። የሐረርጌ ሰዎች ሳይቀሩ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ዞሩ። ሻለቃ ብርሃኑ ዓይናቸውን እየጠረጉ ‹‹ስፖርተኛ ማለት ይህ ነው›› አሉ። ቦታዬን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እኔ ቀድሜ የተናገርኩትን እውነት ወሰደብኝ።

ማታ ሣባ ክንዴን ይዛ በቦሌ መንገድ በእግር ተመለስን። ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን በላያችን አለፈና ድምፁ ሲርቅ ‹‹እንዴት ያለ ልጅ ነው›› አለችኝ።

‹‹እኔም እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩት›› አልኳት። ‹‹ከእሱ በፊት እጄን አንስቻለሁ።››

‹‹አይቼሃለሁ።››

‹‹ታዲያ?››

‹‹ስታነሳ ትስቅ ነበር›› አለችኝ፤ ክንዴንም ለቀቀችው።