በግራው በኩል

«ባሌ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር የሚለኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለግድግዳ ባወራ ይሻለኝ ነበር።»

የመኪና ቴፕ ሠሪው ብሎን በከንፈሩ ይዞ የበሩን የውስጥ ሽፋን እየፈታ ስለነበር አልመለሰላትም። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ወሬ ሆዷ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ፍቺዋ እንደሚጸድቅ፣ መኪናዋ በክፍፍሉ ለእሷ እንደደረሰች፣ ገዢው ግን «ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ካላሠራሽው አልወስድም» እንዳላት ዘከዘከችለት። እስካሁን መኪናዋን ይነዳ የነበረው ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር መሆኑንም አልተወችም።

ሠሪው የግራውን ስፒከር አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ዙሪያውን ተቀዷል። የቀኙንም ፈታ፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ የጮኸ አይመስልም። ቴፑን ከፍቶ ቁልፎቹን ነካካና ሳቀ።

«ወይ ጉድ! ድምፁን ሁሉ ወደ ግራው በር ልኮታል፤ ያውም እስከ መጨረሻው ከፍቶ። ሰውዬው ቀኝ ጆሮው አይሰማም እንዴ? ግራ ጆሮውም ቢሆን ደክሟል።»

እሷ የምትቀመጠው በቀኙ ነበር። ስትቆጣም፣ ስትለምነውም፣ ስታለቅስም በቀኙ ነበረች። ይህ ቢታወቅ የአውቶቡስ መሪ የሚያስጨብጠው እንደሌለ ገባት። ግን እሷ ሚስቱ አይደለችም እንዴ? ከሐዘኑ ንዴቱ ቀደማት።

ስፒከሩ ተቀይሮ መንገድ እንደጀመረች ለእህቷ ደወለች። «ጆሮው አይሰማም ለካ!» አለቻት እያለቀሰች። እህቷም «አንቺ! ይሄንንማ ለቤተሰቡ ሁሉ ልንገር» ብላ ቸኩላ ዘጋች።

ባሏን ፍርድ ቤቱ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በቀኙ ቆማ ጠራችው። ዝም። ሌላ ቀን ቢሆን ደሟ ይፈላ ነበር። ዞራ በግራው ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ቀና ብሎ አያት። አልካደም።

«ድምፁን አሠራሽው ማለት ነው» አለ። «የእህቴን ገመና ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አወቀው። ይሄ ደግሞ የምኖርበት ሥራዬ ነው።»

እጁን ሊይዛት ዘረጋ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ለማንም አልተናገርሽም አይደል?»

«ለማንም» አለች።

ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ ስልኳ በላይ በላዩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እሱ አልሰማውም።