የተተኮሰው ቱታ

ቱታ አይተኮስም። ይህን ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚሠራ ቀርቶ መንገደኛውም ያውቃል። ይነከራል፣ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ታጥፎ ይሰጣል፤ ነገ መኪና ሥር ለሚጋደም ልብስ መስመር ምን ያደርግለታል? ተኳሿ ግን የመካኒኩን ቱታ ከእጅጌው እስከ እግሩ ተኩሳ፣ ዳቦ የሚቆርጥ መስመር አወጣችለት። ልቧ እሱ ጋ ነበር። እጇ የሠራውን ያወቀችው ለብሶት በበሯ ሲያልፍ፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ሙሽራው፣ ሚዜዎችህስ?" እያለ ሲስቅበት ነው።

መካኒኩን ግራሶ ይሉታል። ቱታውን የሚያመጣው የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ የተኳሿ ታላቅ ወንድም፣ ልብስ ሊያደርስ ሲወጣ ጠብቆ ነው። የግራሶ ወንድም ድሮ የጋሼንና የተኳሿን ታላቅ እህት አጭቶ፣ ሠርጉ ሲደርስ ከሌላ ሴት ጋር ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከዚያ ቤት ሰው ጋር ሰላምታ እንኳን ከለከለ። አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ግራሶን ስትል እሱን ልታጣ ነው፤ እሱን ስትል ግራሶን።

ጋሼ ገባ። እህታቸው የባሏን ሸሚዞች ልትወስድ መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"ቱታ የሚተኩስ ቤት ታውቂያለሽ?" አላት ተኳሿን።

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬ አየሁ። ኪሱ ሳይቀር ተተኩሷል።"

ካውያውን አስቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አርባ ዓመት አልፏት ለመዋሸት ሰነፈች።

"እወደዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ሰው ጠፋ?"

"ሰውማ ሞልቷል። እኔ የፈለግሁት እሱን ነው።"

"እህትሽን ያዋረደ ቤት ነው እኮ!"

"ቆይ እስቲ፣" አለች እህትየው። "የተተውኩት እኔ፣ የምታኮርፈው አንተ? ያ ሰውዬ ባይጠፋ ይሄን የመሰለ ባል ከየት አገኝ ነበር? ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ቂሜን መልስልኝ፣ ካስፈለገኝ እኔው እይዘዋለሁ።"

ጋሼ ወደ ተኳሿ ዞረ። "እኔ ስወጣ ነው የሚመጣው?" አለ።

"አዎ።"

"የምወጣበትን ሰዓት ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋላ።" ሳይወድ በግዱ ከንፈሩ ፈገግ አለ። ያንን ሊደብቅ ይመስላል፣ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ቀጥታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የግራሶ ጋራዥ።

ሁለቱ እህትማማቾች በሩ ላይ ተጋፍተው ቆሙ። ግራሶ ከመኪና ሥር ወጣ፤ ጋሼን ሲያይ ደነገጠ። ምን እንደተባባሉ አይሰማም። ብቻ ጋሼ እጁን ዘረጋ። ግራሶ እጁ ዘይት ስለነካው ክርኑን አቀረበ። ጋሼ ክርኑን ገፋ አድርጎ ዘይታሙን መዳፍ ጨበጠው፤ ሲለቀው ደግሞ እጁን በገዛ ነጭ ሸሚዙ ጠረገ።

"ወይ ጉድ፣ ያን ሸሚዝ ማን ሊያጥበው ነው?" አለች እህትየው።

"እኔ፣" አለች ተኳሿ፤ ጥርሷ አልከደን ብሏት። "አሥር ጊዜም ቢሆን አጥበዋለሁ።"