የአባባ ጆሮና የእኔ ድምፅ

የጤናማ እርጅና ጥናት አማካሪ ጉባኤ አባል ነኝ። ስቃችሁ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ጉባኤው ውስጥ ያስገባችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። እርጅናን የሚያጠኑት ሊቃውንት፣ በመካከላቸው ከአዛውንት ጋር ውሎ የሚያድር አንድም ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላቸው፣ ለአስታማሚዎች ወኪል የሚሆን ወንበር ጨመሩ። ነርሷ ደግሞ አባባን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ስጨቃጨቅ ስለምታይ፣ "አፍ ያላት እሷ ናት" ብላ እኔን ጠቆመች። አባባ አያቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሁን ተራው የኔ ሆነ።

የጉባኤው ሥራ እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች ልናጠና ያሰብነው ይሄ ነው ብለው ይመጣሉ፤ እኛ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ ብለን እንመክራለን። ሰብሳቢው ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ፕሮፌሰር ናቸው። ከሳቸው ሌላ ሰባት ነን። ለአንዳንዶቹ በሆዴ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። የአጥንት ሐኪሙ "አጥንቴ" ናቸው። ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩት ሰውዬ "ከመቶ" ናቸው፤ ደህና አደሩ ሲባሉ እንኳ ከመቶ ስንት ደህና እንዳደሩ ካልተናገሩ አይሆንላቸውም። የሕግ ባለሙያዋን ግን ስለምፈራቸው ሌላ ስም አልደፈርኩም፤ "ሕግ" ብዬ አቆምኩ።

በዚህ ዓመት በጀቱ የሚበቃው ለአንድ ጥናት ብቻ ሲሆን የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው እርጅናን ያዘገያል ስለተባለ መርፌ ነው። ሁለተኛው ለማይሰሙ አዛውንት የመስሚያ መሣሪያ ሰጥቶ፣ መስማታቸው አእምሯቸውንና ጉልበታቸውን ይጠብቅላቸው እንደሆነ የሚያይ ነው። ባለፈው ስብሰባ ሰብሳቢው "እስቲ ዝንባሌያችሁን በእጅ አሳዩኝ" ሲሉ እኔን ጨምሮ አራታችን ለጆሮው፣ ሦስቱ ለመርፌው አነሱ። ሰብሳቢው ድምፅ የሚሰጡት እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ልባቸው መርፌው ጋ እንደሆነ ግን ፊታቸው ይናገራል።

ድምፅ የምንሰጥበት ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው ማይክሮፎናቸውን ከፍተው፣ "ከመጀመራችን በፊት፣ የጥቅም ግጭት ያለበት አለ?" አሉ።

"እኔ ከማንም ጋር አልተጋጨሁም" አልኩ።

ከመቶ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሕግ ወደ እኔ ዞረው፣ "ግጭቱ ከሰው ጋር አይደለም ልጄ" አሉኝ። "ከሁለቱ አንዱ ጥናት ቢያልፍ፣ አንቺ ወይም ዘመድሽ የምታገኙት ጥቅም አለ ወይ ነው።"

"እሱማ አለ። አባባ የጆሮው ጥናት ካለፈ መሣሪያ ለማግኘት ተመዝግቧል። እንዲያውም ከጤና ጣቢያችን የመጀመሪያው እሱ ነው።"

ሰብሳቢው ማይክሮፎናቸውን ዘጉ። የሆነ ነገር እንዳፈረስኩ የገባኝ ያኔ ነው።

"እንግዲያው በዚህ ጉዳይ መምከርም ድምፅ መስጠትም አትችዪም" አሉ ሕግ።

አጥንቴ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። "እስቲ ቆይ፣ የኔም እናት አይሰሙም። የራሴም ግራ ጆሮ እያስቸገረኝ ነው። መርፌውስ ቢሆን፣ እዚህ ውስጥ የማያረጅ ማን አለ? እንግዲያው ሁላችንም እንውጣና ወንበሮቹ ይምከሩ።"

ሁሉም ሳቁ፣ ሕግ ብቻ አልሳቁም። "ማርጀት ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ" አሉ። "አያትሽ ስማቸውን ከምዝገባው ካስወጡ ድምፅ ትሰጫለሽ። ካላስወጡ አትሰጪም። ሂጂና ጠይቂያቸው፣ እኛም ለነገ ጠዋት እናቆየዋለን።"

እንዲህ ያለ ነገር አባባን ልጠይቅ? እኔ "ምሳ ደርሷል" ብዬ ስጮህለት የምንኖርበት ፎቅ በሙሉ እጁን ታጥቦ ይቀርባል።

መንገድ ላይ እያሰብኩ ሄድኩ። አባባ ስሙን ካስወጣ እኔ ድምፅ እሰጣለሁ፣ ጥናቱ ያልፋል፣ ሌሎች አዛውንት ይሰማሉ፣ አባባ አይሰማም። ካላስወጣ እኔ እወጣለሁ፣ ሦስት ለሦስት ይሆናል፣ ሰብሳቢው ለመርፌው ይሰጣሉ፣ ማንም አይሰማም። ከሱቅ እንግዛ እንዳንል የመሣሪያው ዋጋ የኛን ቤት በር አያውቀውም። "ድምፅ" የምትባለው ቃል ይህን ያህል ተንኮለኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። እኔ ድምፅ ልስጥ ካልኩ እሱ ድምፅ ያጣል።

አባባ በጡረታ የተሰናበተ የኳስ ዳኛ ነው። ስገባ ኳስ እያየ ነበር። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው፤ ለሱ ያው ነው፣ ለጎረቤት ግን እረፍት ነው።

"አባባ፣ ስምህ ይውጣ ወይ?" ብዬ ጮህኩ።

"ይምጣ፣ ማን ከለከለው? ብቻ የሚቀመጥበትን ጥረጊለት።"

ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ "ይውጣ ነው ያለችው ጋሼ፣ ስምዎት" ብላ አገዘችኝ። ግድግዳችን ከወረቀት ትንሽ ይሻላል።

ቀኝ ጆሮው ትንሽ ስለሚሻል በዚያ በኩል ተቀምጬ ሁሉንም ቀስ ብዬ ነገርኩት። ከኔ ይልቅ ለሱ ቶሎ ገባው።

"ልክ ናቸው" አለ። "እኔንም የሰፈሬን ቡድን ጨዋታ አያስዳኙኝም ነበር።"

"ታዲያ ይውጣ?"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ተጫዋች ሳይነካ ወድቆ ይንከባለላል። "አስመሳይ" አለው አባባ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "አይወጣም" አለ።

እንደሚለቅ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም እንዴት እንደማጽናናው ነበር የማስበው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ለራሴ አንድ ፊሽካ አልነፋሁም" አለ። "የገዛ ወንድሜን በቀይ አስወጥቼዋለሁ። እስኪሞት ድረስ ዳኛው እንጂ ወንድሜ ብሎ አልጠራኝም። ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ ምሳዬን በልቼ እተኛ ነበር። አሁን አንቺ ስትሳደቢ እንኳ አልሰማም። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ እቀራለሁ። ይህን አንድ ነገር ለራሴ እፈልገዋለሁ።"

"ካላስወጣኸው እኮ ጥናቱ ላያልፍ ይችላል።"

"ያልተጫወቱትን ጨዋታ ውጤት አትንገሪኝ። ከመካከላቸው ሐሳቡን የሚቀይር አይጠፋም።"

"ጋሼ፣ የልጅቷንም ነገር ያስቡላት እንጂ" አለች ልብስ ሰፊዋ ከማዶ።

"ምን አለች?" አለኝ አባባ።

"ኳሱ ስንት ለስንት ነው አለች።"

"ባዶ ለባዶ በያት።"

ተናደድኩበት። ደግሞ ደስም አለኝ። ከሽማግሌ የሚጠበቀው መመረቅና ለሌላው መተው ብቻ ነው። አባባ ግን ገና የሚፈልገው ነገር አለው። ስሙ ወጥቷል ብዬ ልዋሽ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ግን ስሙ የሱ ነው። ጆሮውም የሱ ነው።

በማግስቱ ጉባኤው ፊት፣ "እምቢ ብሏል" አልኩና ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወንበር አለች። በሩ ወፍራም እንጨት ነው። ጆሮዬን ብለጥፍም የሚወጣው ድምፅ ውኃ ውስጥ የሚነጋገሩ ሰዎች ድምፅ ይመስላል። አንዳንዴ "ከመቶ" የምትለዋን እለያለሁ፤ ከመቶ ምን እንደሆነ ግን አይሰማኝም። የአጥንቴ ወፍራም ድምፅ ለብቻው ሲያጉተመትም ቆየ። ከዚያ ድንገት ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። በምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ባዶ ኮሪደር ላይ። ይህችን ፈገግታ አውቃታለሁ። ሰው ሲስቅ አባባ ፊት ላይ የምትመጣው ናት። እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩ ገብቶት ይመስለኝ ነበር።

በሩ ሲከፈት ቀድመው የወጡት ሕግ ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ውጤቱን ነው። አፌ ግን ሌላ ጠየቀ።

"ምን ነበር ያሳቃችሁ?"

"ምንም አይደለም ልጄ፣ እንዲሁ ነው።"

ይህን መልስ ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ስናወራ አባባ "ምን አላችሁ?" ሲል የምሰጠው መልስ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው እንጃ።

"አይ፣ ይንገሩኝ" አልኩ።

ሕግ ትንሽ አዩኝና አጠገቤ ቆሙ። "የአጥንት ሐኪሙ ናቸው" አሉ። "መርፌው ዕድሜ ቢጨምርልን፣ የተጨመረውን ዘመን በሙሉ 'ምን አልክ?' ስንባባል ልንጨርሰው ነው አሉ።"

"ጥሩ ብለዋል። ውጤቱስ?"

"ሦስት ለሦስት። ሰብሳቢው ለመርፌው ሰጡ። የጆሮው ለሚቀጥለው ዓመት ይታይ ተብሏል።"

ሰብሳቢው ቦርሳቸውን ይዘው ሲያልፉ አዩኝና ቆም አሉ። "እኔ አባቴን የቀበርኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በእርጅናው ይስማ አይስማ ለማወቅ እንኳ አልደረስኩም።" ልቆጣቸው አዘጋጅቼው የነበረው ነገር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀለጠ።

ቤት ስደርስ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አባባ ጫማውን አድርጎ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል።

"ስንት ለስንት?" አለኝ ገና ከበር።

በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ። "ሦስት ለሦስት። ሰብሳቢው ለመርፌው ሰጡ።"

ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋጋቸው። የሚቆጥረውን አውቃለሁ፤ እኔም ትናንት መንገድ ላይ ያሰብኩት እሱን ነው።

"ስሜን ባስወጣው አራት ለሦስት ነበር።"

"አዎ።"

"ያስቀረሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ምንም አይደለም ልለው ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"አዎ፣ አንተ ነህ" አልኩት ጆሮው ሥር። "እኔም ብሆን አላስወጣውም ነበር።"

"ድገሚው።"

እንደሰማ ዓይኑ ይናገራል። ግን ደገምኩለት፣ ሁለቱንም።

ጫማውን አውልቆ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቀለና፣ "በይ እንግዲህ፣ እዚያ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ሕግ ያሉትን፣ ወንበሮቹ ይምከሩ የተባለውን፣ ሰብሳቢው ስለ አባታቸው ያሉትን። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ድረስ አወራሁ። በመጨረሻ የአጥንቴን ቀልድ ጀመርኩለት፤ መርፌው ዕድሜ ቢጨምርልን፣ የተጨመረውን ዘመን በሙሉ 'ምን አልክ?' ስንባባል ልንጨርሰው ነው አሉ፣ አልኩት።

አባባ ጆሮውን ወደ እኔ አስጠጋ።

"ምን አልሽ?" አለኝ።

እየቀለደ ይሁን፣ አልሰማኝ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅኩም።