የአያ አለበል መንጠቆዎች

የደብሩ ቄስ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ ሆነው ገና ወፍ ሳይንጫጫ መርዶውን ሲነግሯቸው እማማ እናኑ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሬሳውን ማን አየ?» ብለው ጠየቁ።

ያየ አልነበረም። ባላቸው አያ አለበል የሞቱት አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የተቀበሩትም እዚያው ነው። ከቤተሰቡ መቃብሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ምሕረት ብቻ ነበረች።

«እንግዲያው ልጄ መጥታ ትንገረኝ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ማታ የባላቸውን ድርሻ በሰሃን ከድነው አስቀመጡ።

ይህን ለምሕረት በስልክ የነገራት የእናቷ ወንድም ጌታሁን ነው።

«እህቴን እያጣኋት ነው» አላት። «እህል አልቀምስም ብላለች። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ፣ ተቀመጡ፣ ወንዝ ወርዷል፣ አሁን ይመጣል ትላለች። ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ። ልብስማ እዚህም ሞልቷል። መንጠቆዎቹን ይዘሽ ነይ።»

ምሕረት ወዲያው ገባት። በአገሯ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ዕቃው ይወጣለታል። ፈረሰኛ ከነበረ ኮርቻው፣ ጠመንጃ ያዥ ከነበረ ጠመንጃው ለቅሶው መሃል ይቀመጣል፤ ሰውም እሱን እያየ ያለቅሳል። አባቷ ግን ከእርሻቸው ይልቅ የሚታወቁት በፈጣም ወንዝ ነው። ከቡሬ ወዲያ ያለው መንደር «የውሃ ገበሬ» እያለ ሲቀልድባቸው ኖሯል። ሦስት መንጠቆ ነበራቸው፤ ቅድመ አያታቸው ማንኩሳ ላይ ከበቅሎ ልጓም ያስቀጠቀጧቸው፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ። ማታ ማታ ደጃፍ ተቀምጠው በድንጋይ ይስሏቸዋል። ያ የመሳል ድምፅ ካልቆመ እናቷ እራት አያቀርቡም ነበር።

ታመው የወደቁትም ወንዙ ዳር ነው። በባጃጅ ወደ ቡሬ፣ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ መንጠቆዎቹ ከነክራቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነበሩ። አልጋ ላይ ሆነው «ድንጋይ ፈልጊልኝ፣ ዝገዋል» አሏት። ከግቢው የስሚንቶ ስባሪ አመጣችላቸው። «ይኼማ ጎመንም አይስል!» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ሳሉበት። አንዱን ጨርሰው ሌላውን እያነሱ ሳሉበት።

ለቅሶው ሊደረግ በተቆረጠበት ዕለት ጠዋት ምሕረት መንጠቆዎቹን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። ሻንጣ የሚቀበለው ልጅ ጥቅሉን አይቶ «ስለት ካለው ከሻንጣው ጋር ይጫን» አላት።

«አባቴን ከሻንጣ ጋር አልጭነውም» አለችው።

አልገባውም። ትኬቷን መለሰላትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። እሷ ደግሞ የሟች ዕቃ ለቅሶው ቦታ እስኪደርስ ከእጅ እንደማይወርድ ብቻ እያሰበች፣ ወደፊት የሚጠብቃት ሌላ ፍተሻ መኖሩን አላሰበችም።

ጫማዋን አውልቃ በፍተሻው በር አለፈች። ጥቅሉ ከማሽኑ ሲወጣ ጓንት ያጠለቀች ፈታሽ ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓሣ መንጠቆ።»

ከኋላ ቀበቶውን በእጁ የያዘ ወፍራም ሰውዬ ሳቀ። «ኧረ እህቴ፣ ደመና ላይ ዓሣ የለም እኮ!»

«ስለት ነው፣ አያልፍም» አለች ፈታሿ። «ሂጂና አስጭኚው።»

ምሕረት በባዶ እግሯ ተመልሳ ሮጠች። ሻንጣ መቀበያው ተዘግቶ ነበር። «ነገ ጠዋት በሚሄደው ነው እንግዲህ» አላት ልጁ። ነገ ለቅሶው የለም። ከማንኩሳም ከፍኖተ ሰላምም የተጠራው ዘመድ የሚቀመጠው ዛሬ ከሰዓት ነው። እየሮጠች ተመለሰችና የፈታሿን እጅ ያዘች።

«በእናትሽ! በወለደችሽ!»

«እኔም እንጀራዬ ነው፣ እህቴ። ምን ላድርግሽ?»

የሳቀው ሰውዬ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ፀጉሩ የሸበተ አለቃቸው ተጠርቶ መጣ። ምሕረት የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አለቃው አንዱን መንጠቆ አንስቶ ጫፉን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ደም ወጣው።

«ይሄማ በሬም ይጎትታል» አለ ጣቱን እየመጠጠ።

«ጌቶች፣ ሬሳውን አልወሰድኩላትም። ይህንንም ካልወሰድኩላት እናቴ እየጠበቀችው ትሞታለች።»

አለቃው መንጠቆውን መልሶ ነጠላው ላይ አኖረ። የመጨረሻው ጥሪ በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«የምከለክልሽ ስለቱን ነው» አለ በመጨረሻ። «ጫፉ ከሌለ ቁራጭ ብረት ነው። ቁራጭ ብረት ይዘሽ ሂጂ።»

ፒንሳ ከአንድ የጥገና ሠራተኛ መጣ። ሠራተኛው መንጠቆውን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ «አይሆንም፣ እኔ ራሴ» አለችው። አሮጌው ብረት አልታገላትም። እንደ ደረቅ አጥንት ቀጭ አለ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። በሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና ጫነችው። ፈታሿ ጫፎቹን ለቅማ የጥፍር መቁረጫና የሲጋራ መለኮሻ የሞላበት ሣጥን ውስጥ ጣለቻቸው። ወፍራሙ ሰውዬ ጫማዋን ይዞላት ሮጠ።

ባሕር ዳር እስክትደርስ ጥቅሉን አልፈታችውም። ሚኒባሱ ዳንግላን፣ እንጅባራን አልፎ ቡሬ ሲገባ ግን አላስቻላትም፤ ወርዳ አንድ ብየዳ ቤት ገባች።

«ወንድሜ፣ እነዚህን ሳልልኝ። የፈለግኸውን እከፍላለሁ።»

ብየዳ ሠራተኛው አገላብጦ አያቸው። «ይሄኮ ተሰብሯል። አሁን ከተሳለ መታጠፊያው ያልቃል፤ ሽቦ ነው የሚሆንብሽ። ሻካራውን ላለስልሰው እንጂ።»

በሞረድ አለሰለሰላት። መንጠቆዎቹ አሁን ተሰብረው ሳይሆን አርጅተው የደነዙ ይመስላሉ። ምሕረት ይህን ስታይ ባሰባት። እናቷን ልታታልል የመጣች መሰላት።

መንደሯ ስትደርስ የለቅሶው ሜዳ በሰው ሞልቷል። አልቃሾቹ ቆመዋል፤ ግን የሚያለቅሱት ለይሉኝታ ነው፣ ባለቤቲቱ ዓይናቸው ደርቆ እንዴት ብለው ይጩኹ? እማማ እናኑ መሃል ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጌታሁን አጠገባቸው ቆሞ ምሕረትን በዓይኑ ለመናት።

«መጣሽ?» አሉ እናቷ። «የታለ እሱ?»

ምሕረት ተንበርክካ ነጠላውን እናቷ ጭን ላይ ፈታችው።

እማማ እናኑ አንዱን መንጠቆ አነሱ። ለባላቸው ሲያቀብሉት፣ ከባላቸውም ሲቀበሉት የኖሩት ነውና በዓይናቸው አላዩትም፤ አውራ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አሳረፉ። ጫኑት። ደግመው ጫኑት። ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን አነሱ።

«ምሕረት» አሉ ቀጭን በሆነ ድምፅ። «ደንዟል።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ...»

«እሱ ቢኖር ይሄ ይደንዛል?» አሉ፣ ዞረው ሕዝቡን እያዩ። «እናንተ ሰዎች፣ እሱ ቢኖር ይሄ ይደንዛል? አንድ ማታ ሳይስለው አድሮ ያውቃል? ኧረ አለበል! ኧረ የኔ አለበል!»

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ተነሡ፣ ጌታሁን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች ምሕረት፤ ግን ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። ሁለተኛ ልትለው አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ጉንጭ የሚያርሰውን እንባ አየችና መልሳ ዘጋችው።

እማማ እናኑ ሦስቱንም መንጠቆ በጭብጣቸው ይዘው ደረታቸውን ይመታሉ፤ ደግመው ደጋግመው ይመታሉ። ምሕረት ልትይዛቸው እጇን ዘረጋች፣ ከዚያም ሰበሰበችው። መንጠቆዎቹ አይወጓቸውም።